ያማረ ፊደልና የሚነበብ ፊደል

የኒካህ ካርድ ስናዘጋጅ ወይም ለሱቅ ማስታወቂያ ስንሠራ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንመርጠው አንድ ዓይነት ፎንት አለ። ቋሚው መስመር ወፍራም ነው፤ አግዳሚው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ሴሪፍ የሚባለው የፊደሉ ጫፍና እግር ላይ ያለው ሰረዝም እንደዚያው ስስ ነው። ከነዚህ ፎንቶች በጣም የታወቀው ቦዶኒ ነው። ውበቱ ከየት እንደመጣና የት ላይ እንደሚያስቸግር ማወቅ ዲዛይን ለምንነካካ ወጣቶች ሁሉ ይጠቅመናል።

ጃምባቲስታ ቦዶኒ በ1740 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን፣ ሳሉዞ ተወለደ። ከ1768 ጀምሮ የፓርማን መስፍን ማተሚያ ቤት መራ። በዚያው ዘመን ፓሪስ ላይ ፊርማን ዲዶ ተመሳሳይ ፊደል ይቀርፅ ነበር። ቀጭኑን መስመር ያስቻለው የዘመኑ ለስላሳ ወረቀትና የተሻሻለ ኅትመት ነው፤ ሻካራ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ መስመር ይቆራረጣል። የፋሽን መጽሔቱ ቮግ እስከ ዛሬ ስሙን የሚጽፈው በዲዶ ዓይነት ፊደል ነው።

ወፍራምና ቀጭን ማዛመድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ940 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው የባግዳዱ ኢብን ሙቅላ የዓረብኛ ፊደላትን መጠን በብዕሩ ነጥብ ለክቶ ሥርዓት አስይዟል። ልዩነቱ፣ በኸጥ ጥበብ መወፈርና መቅጠኑን የሚያመጣው የሸምበቆ ብዕሩ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ በቦዶኒ ግን ልዩነቱ እስከ መጨረሻ ተስቦ በቀራፂ መሣሪያ የተሠራ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ረመዳን የሰዓት ሰንጠረዥ እንምጣ። ቁጥሮቹ በቦዶኒ ተጽፈው፣ አንሰው፣ ከዚያም በፎቶ ኮፒ ተባዝተው ቢሰጡንስ? የቦዶኒ 4 ቁጥር ወፍራም መስመሩ ቋሚው ብቻ ነው። ቀጭኖቹ ከጠፉ የሚቀረው 1 የሚመስል ነገር ነው። አዛን በማይሰማበት ሰፈር ያሉ፣ ዓይናቸው የደከመ እናታችን መግሪብን 12:40 ሳይሆን 12:10 ብለው ቢያነቡ፣ ቀኑን ሙሉ የጾሙትን ጾም ከሰዓቱ በፊት ሊያፈጥሩ ነው። ፎንት መምረጥ አማና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቦዶኒን ለትልቅ ርዕስ፣ ለካርድ ላይ ስም፣ ለመጽሐፍ ሽፋን እንጠቀምበት፤ ዙሪያውንም ባዶ ቦታ እንተውለት። ሰዓት፣ ስልክ ቁጥርና አድራሻ መስመሩ እኩል በሆነ ፎንት ይጻፍ። የግድ በትንሹ ካስፈለገን፣ በነፃ የሚገኘው ቦዶኒ ሞዳ ለትንሽ መጠን ቀጫጭኖቹን ወፈር ያደረገ ቅርፅ አለው። በተለመዱት የቦዶኒ ፎንቶች የአማርኛ ፊደል ስለሌለ ግን፣ ኮምፒውተሩ የራሱን እንዳይተካብን የአማርኛውን ፎንት ራሳችን እንምረጥ።

ከማሰራጨታችን በፊትም አንድ ቅጂ አትመን ለእናቶቻችን እናሳይ። እሳቸው ሳይቸገሩ ካነበቡት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሥራችን አምሯል።