ጥርስ ባዳ ነው

አምና ዋሽንግተን ዲሲ፣ እህቴ ልጅ ዘንድ ከርሜ ነበር። ልጁ ታክሲ ነጂ ነው። መቼም ዲሲ ገብቶ የሐበሻ ታክሲ ያልገጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። የኛ ሰው ግን ከመንዳቱ ሌላ አንድ ሙያ ጨምሯል፤ ሐውልት ሊያዩ የሚመጡትን አሜሪካውያን ስለ ገዛ ፕሬዚዳንቶቻቸው በማያውቁት ወሬ ማስደነቅ።

«ጋሼ፣ ያልሰሙትን ስነግራቸው ጉርሻዋም ደህና ትሆናለች» ይለኛል።

አንድ እሁድ እኔንም ጭኖ አዞረኝ። «ያ ሐውልት ከላይና ከታች ቀለሙ የተለያየው ለምን ይመስልዎታል?» አለኝ። የጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ተጀመረ፤ በ1854 ገንዘብ አለቀና ቆመ፤ በ1879 ሥራው ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጣና ቀለሙ አልገጥም አለ። ጅምር ቤት ሰፈራችን ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር ብለው፣ መሪውን እስኪለቅ ሳቀ።

ሊንከን መታሰቢያ ስንደርስ በስተሰሜን ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን ንግግር አሳየኝ። «ፊውቸር» የሚለውን ቃል ሲቀርጹ «ኤፍ»ን «ኢ» አድርገውታል። በኋላ ተደፈነ እንጂ ምልክቱ ዛሬም ይታያል። ዕድሜዬን የተማሪ ወረቀት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሊንከን የፈጠራ መብት ያስመዘገበ ብቸኛ ፕሬዚዳንት መሆኑንም ነገረኝ። በ1849 ነው፤ ጀልባ ደለል ሲይዛት የሚያነሳ መላ።

እኔም በተራዬ የማውቀውን ጣል አደረግኩ። መታሰቢያው በ1922 ሲመረቅ፣ ባርነትን ላስቀረው ሰው ክብር ከመጡት እንግዶች ውስጥ ጥቁሮቹ ለብቻቸው ተከልሎ በተሰጣቸው ቦታ ነበር የተቀመጡት።

«ይሄንንስ ትነግራቸዋለህ?»

«ኧረ ጋሼ! ሰዎቹ እኮ ለእረፍት ነው የመጡት።»

ዝም አልኩ። ልፈርድበት አልቻልኩም። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ክፍሉ ሲያንቀላፋብኝ የማወጣቸው ሁለት የዋሽንግተን ጨዋታዎች ነበሩኝ። አንደኛው፣ በልጅነቱ የአባቱን የቼሪ ዛፍ ቆርጦ «ውሸት አልችልም» አለ የሚባለው ነው። ይህችን ስለ እውነት የምትሰብክ ተረት፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ዊምስ የተባለ መጽሐፍ ሻጭ በ1806 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጨምሯት ነው የተዛመተችው። ሁለተኛው የእንጨት ጥርሱ ነው። የዚያን ታላቅ ጄኔራል የእንጨት ጥርስ ስጠራላቸው ተማሪዎቼ በሳቅ ይነቁ ነበር።

በማግስቱ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ወደ ዋሽንግተን ርስት፣ ወደ ማውንት ቨርነን ሄድን። ጥርሱ እዚያ ሙዚየም ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። እንጨት የሚባል ነገር የለበትም። እርሳስ፣ የእንስሳ ጥርስና የሰው ጥርስ ነው። ሰውየው በ1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽም አፉ ውስጥ የቀረችው የራሱ ጥርስ አንዲት ብቻ ነበረች።

የሰው ጥርስ ከየት መጣ? የርስቱ የሒሳብ መዝገብ ፍንጭ ይሰጣል። በግንቦት 1784 ለ«ኔግሮዎች» የ9 ጥርስ ዋጋ 6 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ እንደተከፈለ ተጽፏል፤ ጥርሶቹ የተገዙት ለጥርስ ሐኪሙ ነው። ዘጠኙ ጥርሶች እዚህ ሳጥን ውስጥ ይግቡ አይግቡ መዝገቡ አይናገርም። ከማን አፍ እንደወጡም አይናገርም። የሐኪሙ ስም አለ፤ ዋጋው እስከ ሽልንጉ አለ፤ የባለ ጥርሶቹ ስም የለም።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ይህንንም ልበል። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት ማውንት ቨርነን ላይ 317 ባሪያዎች ነበሩ። የራሱ የነበሩት 123ቱ ሚስቱ ስትሞት ነጻ እንዲወጡ ተናዟል። ሰው ሁለቱንም ይሆናል።

ስንመለስ የእህቴ ልጅ ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ነዳ። «እኔ እኮ ለስንት ዓመት እንጨት ነው እያልኩ…» አለ።

«እኔም» አልኩት።

ጨዋታ ሊቀይር ብሎ፣ «ቅድመ አያቴ ፈረሳቸው ማን ነበር የሚባለው?» አለኝ። ወዲያው ነገርኩት። የፈረሱን ስም፣ አያቴ በአንድ ተቀማጭ ስንት ብርሌ ጠጅ እንደሚያነሱ፣ ዳኛ ፊት ምን ብለው እንዳሳቁ፣ ቤተሰባችን በየበዓሉ የሚያነሳውን ሁሉ አወረድኩለት። ያወረድኩትን ስጨርስ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ማንም በበዓል አንስቷት አያውቅም። በአያቴ ቤት ባሪያ ነበረች። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሲሻርም የምትሄድበት አልነበራትምና እዚያው ቀረች። እናቴን ያሳደገቻት እሷ ናት። የፈረሱን ስም አውቃለሁ፤ የእሷን ግን አላውቅም።

የዚያን ሌሊት፣ አዲስ አበባ ሲነጋ ጠብቄ ለእናቴ ደወልኩ።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ያቺ ያሳደገችሽ ሴት ስሟ ማን ነበር?»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እንኮዬ ነበር የምንላት» አለች በመጨረሻ። «ስሟንማ አልጠየቅናትም። ልጅ ሆኜ ስታጫውተኝ ትስቅ ነበር። ሁልጊዜ ትስቅ ነበር፤ ደስተኛ ናት ብለን ነው።»

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ አባቶች፤ ሆድ እየከፋው እሱ ይስቃል።

የእህቴ ልጅ አሁንም ቱሪስት ያመላልሳል። በቀደም ደውሎ ነበር። ስለ ጥርሱ እውነቱን መናገር ጀምሯል። «ጉርሻውስ?» አልኩት።

«አንዳንዱ ይቀንሳል ጋሼ። አንዳንዱ ደግሞ ከታክሲው ሳይወርድ ብዙ ይቀመጣል» አለኝ።