ሳይጻፍ የቀረው ውል

በጥቅምት 2010 ዓ.ም የኦሮሚያው ፕሬዚዳንት ለማ መገርሳ አባ ገዳዎችን፣ ሽማግሌዎችንና ወጣቶችን አስከትለው ባሕር ዳር ሲገቡ፣ የአማራ ክልሉ አቻቸው ገዱ አንዳርጋቸውና ሕዝቡ በእልልታ ተቀበሏቸው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው የእምቦጭ አረም ሊነቅሉ ሐይቁ ድረስ ወርደዋል። ያን ጊዜ ሳስታውስ ዛሬም አንጀቴ ያራል።

ለእኛ ለአርሲዎች ነገሩ የፖለቲካ ዜና ብቻ አልነበረም። በጭላሎ ተራራ ግርጌ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ቤት ውስጥ ይነገራሉ። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ያወጣውን የስንዴ ዘር ሁለቱም ጎረቤት ይዘራዋል፤ ሲታጨድም ደቦ ይጠራራል። ሁለቱ ክልሎች ሲኳረፉ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው የእኛ ግድግዳ ነው።

የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ ፍቅር ሕግ ሳይሆን መቅረቱ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 ክልሎች በወሰን ቢጣሉ ተስማምተው እንዲፈቱት፣ ካልተስማሙም የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወስን ይላል። መሬቱ ዳኛ አለው። በሌላው ክልል መሬት ላይ ተወልዶ ለሚኖረው ሰው ግን ሁለቱ ክልሎች ተነጋግረው ያጸደቁለት ውል የለም። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለኦሮሞ ብሔረሰብ ከሚሴ ላይ የራሱን አስተዳደር ሰጥቷል፤ በኦሮሚያ ለሚኖረው አማራ ግን ይህን የመሰለ መዋቅር የለም። የከሚሴና የአርሲዋ የዴራ ጉዳይ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ የነበረበት ያኔ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠራጠር በሚሰማበት በዚያ ወቅት። እንዲህ ያለ ጊዜ በዕድሜ ስንት ጊዜ ይመጣል?

ወዳጅነቱ የዋለው ለሥልጣን ነው። በመጋቢት 2010 ከአማራ ወገን ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከሊቀመንበርነት ውድድር አገለሉ፣ ከኦሮሞ ወገን ዐቢይ አሕመድ የገዢው ግንባር የኢሕአዴግ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ፣ ከዚያ ወዲያ የሁሉም ዓይን አዲስ አበባ ላይ ቀረ። በሚያዝያ 2011 ለማ መከላከያን፣ ገዱ ውጭ ጉዳይን ይዘው ከየክልላቸው ወጡ። በሰኔ ገዱን በክልሉ ፕሬዚዳንትነት የተኩት ዶክተር አምባቸው መኮንን ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። ግንኙነቱን የያዙት ሰዎች እንጂ ተቋም አልነበረምና ሰዎቹ ሲነሱ የሚተካቸው ጠፋ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ ሁከት ሲነሳ ዋጋውን ከከፈሉት አንዷ አርሲ ናት። ዴራና ገደብ አሳሳ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ በጠቅላላው 123 ሰዎች መሞታቸውን ዘግቧል፤ ከሟቾቹ የመንጋ ጥቃት የገደላቸው አሉ፣ የጸጥታ ኃይል ጥይት የገደላቸውም አሉ። ውል ቢኖር ያን ሁሉ ያስቀር ነበር አልልም። ግን ዴራ ሲነድ ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች በማግስቱ ተገናኝተው የሚመክሩበት፣ የተፈናቀለውን በጋራ የሚመልሱበት ግዴታ ይኖር ነበር።

ጥፋቱን ሕዝብ ላይ የሚያላክኩትን አልሰማቸውም። ሕዝቡ ጣና ድረስ ሄዷል። ውሉን መጻፍ የነበረባቸው ጨፌ ኦሮሚያና የአማራ ክልል ምክር ቤት ናቸው፤ አልጻፉም።