የግማሽ ሰዓት ዕቁብ

«ሥራ የፈታ ሰው ይሮጣል» አለን አንድ የክፍላችን ልጅ። ከጃን ሜዳ ስንመለስ፣ ላባችን ሳይደርቅ፣ ቱታችን ጭቃ በጭቃ ሆኖ መንገድ ላይ አገኘንና ነው። ቀልዱን ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ቀልዱ ግን ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ሲብላላ ሰነበተና ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆነን። ሥራ ፈት መሆን አለመሆናችንን አንባቢ ይፍረድ።

እኛ ሦስት ነን። ሦስታችንም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ሦስታችንም እናቶች። የልጆቻችን ዕድሜ አንድ ላይ ቢደመር አምስት ዓመት አይሞላም። የምንኖረው ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወረድ ብሎ ነው፤ ሁለታችን በአንድ ግቢ፣ ሦስተኛችን ከአጥር ወዲያ። የአንዳችን ባል ክፍለ ሀገር ይሠራል፤ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ይላል። የአንዳችን ባል አብሯት አለ፤ ሌሊት ጥበቃ አድሮ ቀን ይተኛል። የአንዳችን ባል የሚባል ነገር የለም፤ እሱን እንለፈው።

ውሏችንን እንንገራችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ልጅ ይነቃል። ጠብቶ ይተኛል፤ እኛ ግን አንተኛም። ውኃ የምትመጣው ያን ጊዜ ስለሆነ በርሜል እንሞላለን፣ የትናንቱን ሽንት ጨርቅ እናጥባለን። ከነጋ የልጅ ምግብ ይሠራል፤ 2 ሰዓት ላይ ክፍል እንገባለን። በምሳ ሰዓት ጡታችን አግቶ እየወጠረን ወደ ቤት እንከንፋለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክፍል፤ ማታ እራት፣ ልጅ ማጠብ፣ ማስተኛት። መጽሐፍ የምንገልጠው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ እሱም ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳንደርስ ግንባራችን ከወረቀቱ ጋር ይሳሳማል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ሩጫን ምን አመጣው? ደረጃ ነው ያመጣው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከመካከላችን ታናሿ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ሁለተኛው ላይ ቁጭ አለች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። «ሃያ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው፤ እንደ አሮጊት አለከልካለሁ» አለችን። አጽናናናት፤ ግን የምንላትን እኛም አላመንነውም፤ የእኛም ትንፋሽ ከእሷ የተሻለ አልነበረምና። በዚያው ሳምንት በደብተሯ መካከል ታጥፎ የተቀመጠ አንድ ወረቀት አየን። ትምህርት ለማቋረጥ የሚሞላ ፎርም ነው። ስሟን ጽፋበታለች፤ ፊርማው ብቻ ቀርቷል። አይተን እንዳላየን ሆንን። በማግስቱ ጠዋት ግን «ዛሬ ታክሲ አንይዝም፤ በእግራችን እንሂድ» ተባባልን።

መጀመሪያ እንግዲህ እርምጃ ብቻ ነበር። ለመሮጥ ድፍረቱም ጉልበቱም አልነበረንም። ኋላ ስናነብ ያገኘነው ነገር ግን አበረታን፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃዋል ይላል። ቀድሞ በአንድ ጊዜ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መሞላት አለበት ይባል የነበረውም ቀርቷል፤ አምስቷም ደቂቃ ትቆጠራለች። ለእናት ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። አምስት ደቂቃ እኮ እኛ የምናውቃት፣ ከልጅ እንቅልፍና ከወጥ መካከል የምንሰርቃት ሰዓት ናት።

መካከለኛ የሚባለውንም ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ፣ ልክ ነው። እኛ ደግሞ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ መዝፈኑ ቶሎ ያቅታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሮጠን ሦስት ደቂቃ የምንራመደው። ሁለት ወር ሲሞላን ጃን ሜዳን አንድ ጊዜ ሳናቋርጥ ዞርነው። ማንም አላጨበጨበልንም፤ አንድ ፈረስ ብቻ ቀና ብሎ አየን።

ስለ ሰፈሩ ካልነገርናችሁ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። የወለደች ሴት፣ ያውም ጡት የምታጠባ፣ ጎሕ ሲቀድ ቱታ ለብሳ መንገድ ለመንገድ ስትሮጥ ምን ትባላለች? ያንን ፈርተን በመጀመሪያው ወር ቱታችን ላይ ነጠላ እንጣል ነበር። ያየን ሁሉ ቅዳሴ የምንሄድ መስሎት «በጸሎታችሁ አስቡን» ይለናል። ጃን ሜዳ ስንደርስ ነጠላውን አጥፈን ወገባችን ላይ እናስረዋለን። እግዜር ይቅር ይበለን። አሁን ነጠላውን ትተነዋል፤ ሰፈሩም ለምዶናል።

ከዚህ የባሰ፣ እኛም እርስ በርሳችን እንኳ ለመናገር ያፈርነው ነገር ነበር። ስንሮጥ ሽንት ያመልጠናል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዳችን «እኔን ብቻ ነው» እያልን ጥቁር ሱሪ ለበስን። አንድ ቀን አንዷ ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ባሰባት፤ ያን ጊዜ ሁሉም ተገለጠ። ጤና ጣቢያ ሄደን ስንጠይቅ ነርሷ አልገረማትም። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ፊኛን ከሥር ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ብዙ እናት ላይ ይደርሳል፤ ይሻላልም። ሽንትን እንደመያዝ አጥብቆ መሳብ፣ ጥቂት ቆጥሮ መልቀቅ፣ ይህንኑ በቀን ደጋግሞ መሥራት ነው። ከወሊድም በኋላ ቀስ ብሎ በእርምጃ መጀመር፣ ወደ ሩጫ ከመሄድ በፊት ሐኪም ማማከር እንደሚያሻ ነገረችን። መልመጃውን ክፍል ውስጥ እንሠራዋለን። መምህራችን ስለ ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩ ፊታችን ሰሙ ነው፤ ወርቁን ማንም አያይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እናት የሚያስቸግራት ጉልበት ማጣት ነው ይባላል፤ ስንፍና ነው የሚሉም አሉ። እኛ ያየነው ሌላ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ልጁን ማን ይያዝ?

ስለ ታላላቆቹ ሯጮቻችን ስናነብም ይህችው ጥያቄ አትለቀንም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ያንኑ ርቀት በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ ሮጣ ወርቁን ስትደግም ግን የልጅ እናት ነበረች። በ2002 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2007 ዓ.ም. ወልዳ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝታለች። ሲድኒ ሲሆን እኛ አልተወለድንም፤ በቪዲዮ ነው ያየነው፤ ዕንባችን መጥቷል። ሰው ግን ሁልጊዜ «እናት ሆና እንኳ!» ይላል። እኛ ደግሞ ቪዲዮውን እያየን «ልጁን ማን ይዞላት ይሆን?» እንባባላለን። ክብሯን ለመቀነስ አይደለም። ከእያንዳንዷ ሯጭ እናት ጀርባ ልጅ የያዘ አንድ ክንድ መኖሩን ስለምናውቅ ነው።

እኛም ክንዱን ፈለግን። ሠራተኛ ለመቅጠር ገንዘብ የለም። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያወረሱንን ዘዴ ያዝን፤ ዕቁብ ገባን። የምንጥለው ግን ብር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ነው። ከእሑድ በቀር በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ሁለታችን እንሮጣለን፣ አንዷ ሦስቱን ልጆች ይዛ ትቀመጣለች። በሳምንት እያንዳንዳችን አራት ቀን ትሮጣለች፣ ሁለት ቀን ትይዛለች። አራት ጊዜ ሠላሳ 120 ደቂቃ ይሆናል፤ የቀረውን 30 የትምህርት መንገዳችን ይሞላዋል። ሒሳብ አይወድልንም ብለን ነበር ሥነ ጽሑፍ የገባነው፤ ይኸው ወደደን።

ዕቁብ ያለ ዋስ የለም። ዋሳችን እማማ ነበሩ፤ የግቢው አከራይ። የአንዷ ልጅ ሲያተኩሰው፣ የአንዷ ተራ ከፈተና ጋር ሲገጥም፣ «ሂዱ፣ ሂዱ፤ እኔ እይዛቸዋለሁ፤ ቡናዬን እስካፈላ ነው» ይሉናል። እኛም እንሄዳለን። አመስግነናቸው እንሄዳለን፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሽሮ ሜዳ እንወጣለን። አንድ ቅዳሜ ዳገቱን እያለከለክን ስንወጣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አገኘን። ሸክሙ ከእነሱ ቁመት ይበልጣል፤ ወገባቸው እጥፍ ብሏል። አንዷ ቆም ብለው፣ ቀና ማለት ስላልቻሉ ጎናቸውን አዙረው አዩንና «ምነው ልጆቼ፣ ማን አባረራችሁ?» አሉን። ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። «በርቱ» ብለውን ወረዱ። ከዚያ በኋላ ግን መሮጥ አልቻልንም፤ ዝም ብለን ተራመድን። እሳቸው በሳምንት የሚሄዱትን ርቀት እኛ በወር አንሄደውም። ጉልበት ከተባለ የእሳቸው ጉልበት ነው። የሌላቸው ነገር ያ መንገድ የራሳቸው መሆኑ ነው። እኛ ስንደክም እንመለሳለን፤ እሳቸው ቢደክሙም ይወርዳሉ። ለካ የምንጥለው ዕቁብ የሩጫ ዕቁብ ብቻ አልነበረም።

የፈተናው ሰሞን ዕቁቡ ፈረሰ። አንዳችን ሁለት ተራ በተከታታይ ቀረች፤ ሌላዋ «ቀኔን በላሽብኝ» አለች። ቃል ተወራወርን። ሳምንት ሙሉ በአንድ ቧንቧ ውኃ እየቀዳን ሳንነጋገር ከረምን። ታናሿ እንደገና ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ታየች። ፎርሙም ከደብተሩ ውስጥ እንደገና ብቅ አለ፤ በዚህ ጊዜ ፊርማም ነበረበት።

ቡና አፍልተው የጠሩን እማማ ናቸው። ሦስታችንም ተኳርፈን ተቀመጥን። የመጀመሪያውን ስኒ እስክንጠጣ አልተናገሩም። ከዚያ «ይሄ ዕቁብ ዳኛ የለውም እንዴ?» አሉ። ዝም አልን። «መዝገብስ የለውም?» መዝገብ አለው፤ ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደያዘ በየቀኑ እንጽፋለን። «እስቲ የኔን ቁጠሩልኝ» አሉ።

ቆጠርን። «እማማ ያዙልን» የሚለው ቃል በመዝገባችን ውስጥ 41 ጊዜ ተጽፏል።

«አርባ አንድ ቀን ጥያለሁ» አሉ እማማ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ዕቁብ የጣለ ሰው ዕጣው ይወጣለታል። እኔ መቼ ነው የሚወጣልኝ?»

አፈርን። እናቶች ሆነን፣ ልጅ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ እያወቅን፣ የእሳቸውን ክንድ እንደ ግድግዳ ቆጥረነው ነበር። እማማ ስድስት ልጆች አሳድገዋል። «ገበያ ሄጃለሁ፣ ለቅሶ ሄጃለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ» አሉን፤ «እንዲሁ ለመሄድ ብዬ ግን ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም።»

በማግስቱ የእማማ ዕጣ ሆነ። ተራው ሰባት ጠዋት ነበር፤ በእሑዱም ጨምረንላቸው። የአንዷን ስኒከር በሁለት ካልሲ አጥብቀው አጠለቁት። እኛ ልጆቻችንን አዝለን ጃን ሜዳ ዳር ላይ ቆመን አየናቸው። ከዘራቸውን ይዘው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሩት። አልሮጡም፤ አልቸኮሉም። ሲመለሱ ፊታቸው ወዝቶ ነበር። «ደከመዎት እማማ?» ብንላቸው «ደከመኝ፤ የራሴ ድካም ነው» አሉን።

ታናሿ ትምህርቷን አላቋረጠችም። አዲሱን የዕቁብ ተራ፣ የአራት ሰው አድርገን የጻፍነው በዚያው ፎርም ጀርባ ላይ ነው፤ ሌላ ወረቀት አጥተን አይደለም።

ሥራ ፈት ላልከን ጓደኛችን ደግሞ አንድ ነገር እንንገርህ። ዕቁቡ ቦታ አለው። ልጅ መውለድ አያስፈልግም፤ ሠላሳ ደቂቃ መያዝ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ና። ትንሹ ሲያለቅስ ዝም የሚለው ቆመህ ስታወዛውዘው ነው፤ ተቀምጠህ አይሆንም።