ባህር ላይ ለነደዱት ስም እንጻፍላቸው

ዛሬ ሐምሌ 23 ነው፤ ደቡብ ሱዳን የሰማዕታትን ቀን ታስባለች። የትግሏ መሪ ዶክተር ጆን ጋራንግ የተሳፈሩባት ሄሊኮፕተር እ.ኤ.አ. በ2005 የወደቀችው በዚህ ዕለት ነበር። ጁባ ግን የምታስበው እሳቸውን ብቻ ሳይሆን በረጅሙ ጦርነት ያለቁትን ሁሉ ነው። እዚህ ጁባ ሠርተን የምናድር ኢትዮጵያውያንም ከጎረቤቶቻችን ጋር ነፍስ ይማር እንላለን።

የኔ ሐሳብ ግን በዚህ ቀን ወደ ምጽዋ ይሄዳል። የጋራንግ ተዋጊዎች ጋምቤላ ውስጥ ይሰለጥኑ በነበረበት ዘመን፣ እነሱን ያስጠጋው የደርግ መንግሥት በሰሜን በኩል ራሱ ይዋጋ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ በየብስም በፈጣን ጀልባም ምጽዋን ሲያጠቃ የባህር ኃይላችን መርከቦች ተመቱ፤ በላያቸው የነበሩ ልጆቻችንም አለቁ።

ባደግኩበት ሰፈር ከነዚያ ልጆች የአንዱ እናት ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰ መኮንን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የደረሳቸው ወሬ «መርከቡ ተቃጠለ» የሚል ብቻ ነው። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፣ ቀኑን የሚናገርም የለም። ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ሞልቶ ሳለ የእናትየው ጥያቄ አንድ ነበር፦ የሞተበት ቀን ካልታወቀ አርባው ከየት ይቆጠራል? የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።

እሳት የትም እሳት ነው፤ መርከብ ላይ ግን መሸሻ የለውም። ከእግር በታች ነዳጅ፣ ከጎን ጥይት፣ ዙሪያውን ባህር ነው። ጭሱ በጠባቡ የብረት መተላለፊያ ሲሞላ ሰው ነበልባሉን ሳያይ ይታፈናል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ተጠርቶ አይመጣም፤ የሚያጠፋው ያው መርከበኛው ነው።

ትናንት፣ ሐምሌ 22፣ የሌላ እሳት መታሰቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ ፎረስታል በተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አንድ ሮኬት በኤሌክትሪክ ብልሽት ሳይታዘዝ ተተኮሰና የቆመ አውሮፕላን የነዳጅ ታንክ መታ። ነዳጁ በመርከቡ ወለል ላይ እየነደደ ፈሰሰ። የእሳት መከላከል ኃላፊው ቺፍ ፔቲ ኦፊሰር ጄራልድ ፋሪየር መከላከያ ልብስ እንኳ ሳይለብስ የእጅ ማጥፊያ ይዞ እሳቱ ውስጥ ወደነበሩት ቦምቦች ሮጠ። አብራሪዎቹ ከየአውሮፕላናቸው እስኪወጡ ቦምቡን ሊያቀዘቅዝ ነበር። ነገር ግን የተጫኑት ያረጁ ቦምቦች ስለነበሩ የመጀመሪያው እሳቱ ከተነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ፈነዳ። ፋሪየርም፣ አብረውት የነበሩት የሰለጠኑ እሳት አጥፊዎች አብዛኞቹም ሞቱ። የቀሩት ባህረኞች ሥልጠናው ስላልነበራቸው አንዱ አረፋ ሲረጭ ሌላው አረፋውን በውሃ ያጥበው ነበር። በአደጋው 134 ሰው ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ ዋሽንግተን ባለው የቬትናም መታሰቢያ ግድግዳ ላይ ተቀረጸ። እሳቱን የቀረጸው ፊልም ለአዳዲስ ባህረኞች ማስተማሪያ ሆነ። ኖርፎክ ያለው የእሳት ማጥፊያ ትምህርት ቤት በፋሪየር ስም ተሰየመ፤ እሳት መከላከልም ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ የእያንዳንዱ መርከበኛ ግዴታ ሆነ። የእሱ ሞት ስንት ሰው እንዳተረፈ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

የኛዎቹስ? እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው ባህር ኃይላችን ምጽዋ ላይ ኮሌጅ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ «ኢትዮጵያ» የምትባል የማሰልጠኛ መርከብም ነበረችው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ ጎረቤት አገሮች ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ»ም የመን ገብታ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባህሩ ሲሄድ የባህሩ ሙታንም አብረው የሄዱ መሰለን። የተዋጉት ለየትኛው መንግሥት ነው የሚለው ክርክርም አፋችንን ያዘው። ሰው ግን መንግሥት ሲወድቅ ልጅነቱ፣ አባትነቱ አብሮ አይወድቅም። በዚያ ጦርነት በሌላው ወገን ልጇን ያጣች ኤርትራዊት እናትም ኀዘኗ ያው ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባህር ኃይሉ እንደገና እየተደራጀ ነው። ለአዲሶቹ ሰልጣኞች ከዩኒፎርሙ ጋር የቀደሙት ስም ይሰጣቸው፤ የትኛው መርከብ የት ተመታ፣ እሳቱ እንዴት ተዛመተ፣ ማን ማንን ሊያወጣ ገብቶ ቀረ የሚለው በትምህርት መልክ ይቀመጥላቸው። ይህን የሚያውቁት የቀድሞ ባህረኞች በአገር ውስጥም በስደትም ተበትነው እያረጁ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የቀድሞ የባህር ኃይል አባላት፣ አደራችሁን፣ ጻፉ። የጓዳችሁን ስም፣ ማዕረጉን፣ መርከቡን፣ ቀኑን ጻፉ። መጻፍ ያቃታችሁ ለልጆቻችሁ ተናገሩና እነሱ ይመዝግቡ። ከዚያም ቤተሰቡን ፈልጋችሁ ንገሩ። ቀኑን ያወቀ ቤተሰብ ቢያንስ ሙት ዓመቱን ያወጣል።