ሰባ ጊዜ ሰባት በፍኖተ ሰላም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሓ የተሻገረ መንገደኛ፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ የምዕራብ ጎጃም ርእሰ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ያቀናል። በጎዳናው ግራና ቀኝ በቆሎው፣ ጤፉና በርበሬው በየወቅቱ ይታያል፤ በየጉብታውም ላይ በዛፎች የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የዚህን አገር ሕዝብ አኗኗር ያስተዋልን እንደ ሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፉት ቍጥሮች በቤቱና በእርሻው፣ በልደቱና በሞቱ ሁሉ አብረውት ሲኖሩ እናያለን።

አስቀድመን ቀጠሮውን እንመልከት። ገበሬው ወር በገባ በ12 ቀን የሚውለውን «ሚካኤል»፣ በ21 የሚውለውን «ማርያም»፣ በ27 የሚውለውን «መድኃኔ ዓለም» ብሎ ይጠራዋል። «ብድሬን ለማርያም እከፍላለሁ» ያለ ሰው ቀን መቍረጡ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን በእመቤታችን ስም ማሰሩ ነውና ቢያጥፈው ኅሊናው ይወቅሰዋል።

ወደ ክቡ ቤተ ክርስቲያን በገባን ጊዜ ደግሞ ሦስት ክፍል እናገኛለን፤ ይኸውም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ነው። ሦስት ሆኖ ሳለ አንድ ሕንፃ መሆኑን የሚያይ ሕፃን፣ መምህሩ ስለ ሥላሴ ሳይነግረው ዓይኑ ትምህርት ይጀምራል። ይህም ሕፃን ራሱ በቍጥር ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ ነው፤ ወንድ በዐርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ይጠመቃሉና። አባቶቻችን ይህን ሥርዐት ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ጋራ ያገናኙታል፤ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በዐርባ ቀን፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይነግረናል። እንግዲህ ጥምቀት ወደ ገነት መመለስ መሆኑን ቍጥሩ ያስታውሰናል ማለት ነው።

ዐርባ በመጻሕፍት ሁሉ የፈተናና የመጠባበቅ ቍጥር ነው። የጥፋት ውኃ ዝናም ዐርባ ቀንና ዐርባ ሌሊት ዘነመ፤ ሙሴ በሲና ዐርባ ቀን ጾመ፤ እስራኤል በምድረ በዳ ዐርባ ዓመት ተጓዙ፤ ጌታችንም ዐርባ ቀን ጾሞ ተፈተነ። ከትንሣኤው በኋላ ግን በዐርባኛው ቀን ዐረገ። ስለዚህ ዐርባ ያለ ፍጻሜ የሚቀር ቍጥር አይደለም፤ በዝናሙ መጨረሻ ቃል ኪዳን፣ በምድረ በዳው መጨረሻ ርስት፣ በመቃብሩም ማዶ ዕርገት አለ። ሕዝባችን ለሞተ ወገኑ በዐርባኛው ቀን ተዝካር ማውጣቱ ይህንኑ ተስፋ ይዞ ነው።

ቍጥርን ለጥንቈላ ማዋል ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁን ከመዳሩ በፊት የሙሽሮቹንና የእናቶቻቸውን ስም በፊደል አስቈጥሮ፣ ኮከባቸው ይስማማ እንደ ሆነ «ዐውደ ነገሥት» ያስገልጣል። በዚህም ሳቢያ የተዋደዱ ሰዎች ይለያያሉ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 18 ሟርትን ይከለክላል። መጽሐፍ ቅዱስ በቍጥር የሚያስተምረው እግዚአብሔር ለሰው ያደረገውን ነው፤ ጠንቋዩ ግን በቍጥር የሰውን ፍርሀት ይነግድበታል። ንጉሡ ዳዊት እንኳ በሠራዊቱ ብዛት ሊታመን ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ ቅጣት እንዳገኘው በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 እናነባለን።

በዚህ መንገድ ላይ ምሥጢር ልንፈልግለት የማይገባን ቍጥርም አለ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ የእመቤታችን ጽንሰት በሚታሰብበት ዕለት፣ በክልሉ ግጭት በተነሣ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ ፍንዳታ ደርሶ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። ሃያ ስድስት ምሳሌ አይደለም፤ እያንዳንዱ እናት ያለችው፣ ስም ያለው ሰው ነው። የዐርባ ቀናቸው መታሰቢያም አዲሱን ዓመት ተሻግሮ በመስከረም ዋለ። ጌታችን መቶ በጎች ስለ ነበሩት እረኛ በተናገረ ጊዜ፣ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን ፍለጋ ሄደ። በሰማይ ሒሳብ አንድ ትንሽ ቍጥር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የከተማይቱ ስም ከወንጌል ጋራ ይገናኛል። «ፍኖተ ሰላም» የሚለው የግእዝ ቃል የሰላም መንገድ ማለት ሲሆን በካህኑ በዘካርያስ ምስጋና መጨረሻ፣ በሉቃስ ወንጌል 1፥79 ይገኛል። ወደዚያ መንገድ የሚያደርሰንም አንድ ቍጥር አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ላሜህ ሰው መግደሉን ለሚስቶቹ ሲናገር ለራሱ ሰባ ሰባት እጥፍ በቀል ቈጠረ። ከብዙ ትውልድ በኋላ ቅዱስ ጴጥሮስ ወንድሙን እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ይል እንደ ሆነ ጌታን ጠየቀ፤ ጌታም ሰባ ጊዜ ሰባት አለው። ይህ በሒሳብ 490 ይሆናል፤ ነገር ግን 490 ቈጥሮ በ491ኛው ቂም እንዲይዝ የተነገረ አይደለም። ላሜህ ለበቀል የቈለለውን ቍጥር ጌታችን ለይቅርታ አበዛው።

ደም የተቃቡ ወገኖች በጎጃም ገጠር በሽማግሌዎችና መስቀል በያዙ ካህናት ፊት ሲታረቁ፣ ይህ ትምህርት በሥራ ይገለጣል። የሟች ወንድም ሰይፉን ካስቀመጠ፣ የላሜህ ቍጥር በእርሱ ቤት ተፈጸመ፤ የጌታ ቍጥር ተጀመረ።

የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ! ማታ እሳት ዳር ልጆቻችሁን ስትሰበስቡ ሦስትን፣ ሰባትን፣ ዐሥራ ሁለትንና ዐርባን አስተምሯቸው። ሰባ ጊዜ ሰባትን ግን በቃል ብቻ አታስጠኗቸው፤ እናንተ ጎረቤታችሁን ይቅር ስትሉ ይዩት። ልጅ ቍጥርን በጣቱ፣ ምሕረትን በወላጁ ይማራልና። አምላካችን የሁላችንንም እግር ወደ ሰላም መንገድ ያቅናልን።