የገና ሌሊትና የእግር ውኃ



በዚህ አገር ገና የሥራ ቀን ነው። እኛ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 የልደትን በዓል ስናከብር፣ ቀኑ ሻባት ላይ ካልዋለ በስተቀር አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ይሄዳል፣ የኩፓት ሆሊም ወረፋም እንዳለ ነው። ሌሊቱን በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያ ጎዳና ባለችው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቆሞ ያደረ ሰው፣ ጠዋት ነጠላውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከትና ወደ ሥራው ያመራል።

ይህን ጋዜጣ ከምታነቡት አብዛኞቻችሁ ቤተ እስራኤል መሆናችሁን አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ ይህን የምጽፈው ማንንም ወደ እምነቴ ለመጥራት አይደለም። በሥራዬ እንዲህ ያለውን ነገር አልወድም፤ በችግር ላይ ያለን ሰው እምነቱን መነካካት ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በእኛ ማኅበር ውስጥ እንደ እኔ ቤት ያሉ ብዙ ቤቶች አሉ። አባቴ ከቤተ እስራኤል ወገን ናቸው፣ እናቴ ክርስቲያን ናት። ወደዚህ አገር ስንመጣ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ በአባታችን መንገድ ሄደ፣ እኔ በእናቴ እምነት ጸናሁ። ኅዳር ሲገባ አባቴ ለስግድ ይጾማሉ፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር 15፣ እናቴ የነቢያትን ጾም ትይዛለች። አንዱ ሲፈታ ሌላው ይጾማል። ምድጃው ግን አንድ ነው።

በገና ሰሞን የሉቃስን ወንጌል ሁለተኛ ምዕራፍ አነባለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኦቬዴት ሶሲያሊት ከሆንኩ ወዲህ ደግሞ የማነበው በሌላ ዓይን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በምዝገባ ነው። መንግሥት ሰው ሁሉ ይቆጠር ብሎ አዘዘ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ስሟን ለማስመዝገብ ስትል ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም ያን ሁሉ መንገድ ተጓዘች። ደርሳም ማደሪያ አጣች። ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ፣ ሚስቱ ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ቤት ያልተገኘለት ሰው ይህን ታሪክ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ስለ ግርግሙም እንዲሁ ነው። የፈረንጆች ሥዕል ላይ በረቱ ያማረ፣ ጭዱም ወርቅ የመሰለ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ግን ግርግም ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። በጎንደር ገጠር በብርድ ጊዜ ከብቶቹና ሰዎቹ በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ ነበር፤ የከብቱ ትንፋሽ ለሕፃን ሙቀት ነው። እናቴ ይህን ስታወራ ከድህነት አትቆጥረውም። የምሥራቹም መጀመሪያ የተነገረው ለእረኞች ነው። በእኛ አገር እረኛ ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፤ ጉልበቱ አቧራ የለበሰ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይጥፈው ልጅ። የገና ጨዋታም ከእነዚያ እረኞች ተያይዞ ይነገራል፤ በሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ዱላ ይዘው ሩሯን ይመታሉ፣ በዚያ ቀን ጌታው በሎሌው ላይ አይቆጣም። አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ያሳዝናል እንጂ ነገሩ መልካም ነው።

አሁን ወደ እግር ውኃ ልምጣ። እግር ማጠብ የክርስቲያን ብቻ ነገር አይደለም። በኦሪት አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሦስት እንግዶች ባየ ጊዜ፣ ከምግቡ በፊት ያቀረበላቸው የእግር ውኃ ነው። በአገራችንም የመሸበት እንግዳ ሲመጣ ገንዳ ወይም ቆሬ ይቀርብለታል፣ የቤቱ ልጅ ዝቅ ብላ ታጥበዋለች። በላሊበላ ለገና በዓል ከሩቅ በእግራቸው የሚመጡትን ተሳላሚዎች የአገሩ ሰው እግራቸውን አጥቦ ይቀበላቸዋል። በዮሐንስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ደግሞ መምህሩ ራሱ ወገቡን በፎጣ ታጥቆ የተማሪዎቹን እግር ያጥባል። ይህ የሚነበበው በጸሎተ ሐሙስ ነው እንጂ በገና አይደለም፤ እኔ ግን ግርግሙንና ገንዳውን ለይቼ ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ታሪክ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ጴጥሮስ ነው። እግሬን አታጥብም አለ። ሰባኪዎች ብዙውን ጊዜ ስለሚያጥበው ይሰብካሉ፤ ስለሚታጠበው ግን ብዙ አይናገሩም። መታጠብ ከማጠብ ይከብዳል። አዲስ መጤ ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አንድ አዛውንት አሉ፤ ስማቸውንም ከተማቸውንም አልናገርም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ይኖራሉ። የስኳር ሕመም አለባቸው፣ እግራቸው ላይም ቁስል ወጥቶ ነበር። ነርሷ ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስት ጊዜ መለሷት። በመዝገባቸው ላይ «ተባባሪ አይደሉም» ተብሎ ተጻፈ። እኔ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ቡና» አሉኝ። ቡናውን ራሳቸው ቆሉት። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ወንድ ቡና ሲቆላ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ባለቤታቸው ሲያደርጉ ያዩትን ነው የሚያደርጉት፣ ሲያምስ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ላግዝ አላልኳቸውም። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጣሁ። በበረካው ላይ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ ቤቴ የመሸበትን ሰው እግሩን ሳላሳጥብ አሳድሬ አላውቅም። ዛሬ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ተንበርክካ እግሬን ልትይዝ ነው?»

«አባባ፣ ያ እንግዳ እምቢ ቢልዎ ኖሮ ምን ይሉት ነበር?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ስኒውን አዩ። «እምቢ ያለኝ እንግዳ የለም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦ «ትምጣ። ግን ቡና ሳትጠጣ አትነካኝም።»

ነርሷ ከአገራችን ሰዎች አይደለችም፤ ቡና ሦስት ጊዜ እንደሚጠጣም አታውቅም ነበር። ቀድሜ ነገርኳት፣ ሰዓትም አመቻቸን። ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ፣ ግን ዳነ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈውንም ቃል አስለወጥኩት። ለእኔ ከቁስሉ መዳን የማይተናነሰው ያ ነው፤ ምክንያቱም ያ ቃል ከሰውየው በፊት ወደ እያንዳንዱ ቢሮ ይደርስ ነበር።

በበዓል ሰሞን፣ የአይሁድም ሆነ የክርስቲያን፣ ለችግረኞች የምግብ ቅርጫት ሲታደል አያለሁ። መልካም ነው። ነገር ግን በአንድ ቦታ ተቀባዮቹን አሰልፈው ፎቶግራፍ ሲያነሱ አየሁ፤ አንዲት እናት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ዘይቱንና ሩዙን ተቀብላ በጓሮ በር ወጣች። ያ ዘይት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ የምታውቀው እሷ ናት። በትምህርቴ ጊዜ ራምባም ስለ ጸዳቃ የደረደራቸውን ስምንት ደረጃዎች ተምሬአለሁ፤ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰውየው በራሱ እግር እንዲቆም ሥራ መስጠትን፣ ማበደርን ወይም በንግድ መሸረክን ነው። ፎቶግራፍ በየትኛውም ደረጃ ላይ የለም።

ቤተ ልሔም ደግሞ ሌላም ታሪክ አላት። ከኦሪት መጻሕፍት ጋር የሚቆጠረው የሩት መጽሐፍ የዚያችው ከተማ ነው። ሩት ሞዓባዊት ናት፣ መጤ ናት። ሕጉ የእርሻው ዳር ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል፤ እርሷ ግን ቃርሚያውን ራሷ አጎንብሳ ለቀመች፣ ማታም ራሷ ወቃችው። ቦዔዝ አጫጆቹን እንዳያሳፍሯት አስጠነቀቀ፣ ከነዶውም ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ። እንዲህ ያለው ዘዴ ብልህነት ይጠይቃል፤ የሰጠው ሳይታይ የተቀበለችው ሠርታ ገባች። በሙያዬ የማደንቀው ሰው ቢኖር ቦዔዝ ነው።

ለዘንድሮው ገና የምለው ይህን ነው። ክርስቲያን የሆናችሁ ሠራተኞች፣ በራሳችሁ በዓል ቀን የማረፍ መብታችሁ በሕግ የታወቀ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ሳይሆን አስቀድማችሁ ለአሠሪያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን። ቤተ እስራኤል የሆናችሁ ጎረቤቶች፣ በዚያ ቀን ፈረቃ የሚቀይር ከጠፋ እናንተን እንጠይቃለን፤ በኪፑርና በፋሲካ እኛ እንደምንቀይርላችሁ። አባቴ በየዓመቱ የገና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቡናውን አፍልተው ይጠብቁናል። ምግቡን አይነኩም፣ ቡናውን ግን አብረውን ይጠጣሉ።