ከበረካው በፊት

የተወለድሁባት ሰንበቴ ገበያዋ የሚቆመው በእሑድ ነው። አፋሩ ከቆላው ግመሉን እየሳበ፣ አማራው ከደጋው እህሉን ጭኖ፣ ኦሮሞው ከብቱን እየነዳ ይመጣል። ስለዚህም በልጅነቴ እሑድ ማለት የእንግዳ ቀን ማለት ነበር። እናቴ ከማለዳ ጀምራ ቡና ታፈላለች፤ ደጃፏን የረገጠ ሁሉ ይጠጣል። ከአቦሉ፣ ከቶናው አልፎ በረካው እስኪደርስ ድረስ «የማን ወገን ነህ?» ብሎ እንግዳን መጠየቅ በእርሷ ቤት ነውር ነው።

ዓመታት አለፉና አንድ እሑድ አዲስ አበባ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ወደሚያመልክበት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ይዞኝ ሄደ። የሉተርን ትምህርት የምትከተለው ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1959 በአገር አቀፍ ደረጃ መቋቋሟን አነብብ ነበር፤ ዜማዋን ግን አላውቀውም። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ለጆሮዬ ባዕድ የሆነ ዝማሬ ጠብቄ ገባሁ።

ከዝማሬው በፊት ግን አንድ አዛውንት «እንግዶች ካላችሁ ተነሡ፤ ከወዴት እንደ መጣችሁም ንገሩን» አሉ። ተነሣሁ። ጉሮሮዬ ደረቀ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው ደም ከፈሰሰ ወዲህ የትውልድ ቀዬዬን ስም በጠራሁ ቁጥር የሰው ፊት ሲለዋወጥ አይቻለሁ። «ከደሴ በኩል» ብዬ ላልፍ አሰብሁ፤ አፌ ግን «ከሰንበቴ» አለ። ጥቂት ጸጥታ ሆነ፤ ወይም ለእኔ እንዲያ መሰለኝ። ከዚያ እልልታው ተሰማ።

መዘምራኑ በኦሮምኛ ጀመሩ። ቃሉ የአያቴ ቋንቋ ነው፤ ቅኝቱም ባቲ፣ ስሙን ከእኛው ዞን የገበያ ከተማ የወረሰው ባቲ። ጭብጨባው በሌሊት ከጎረቤት ቤት ይሰማ የነበረውን መንዙማ አስታወሰኝ። እነሆ፣ ባዕድ ይሆናል ያልሁት ዝማሬ ከእኔ ቀድሞ ቤቴን ያውቅ ኖሯል! የባርነትን ቀንበር የቀመሱት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል፤ አስቴር የሕዝቧን ዘፈንና ተረትም በጽሑፍ አስቀርታለች። ከቤታቸው የተነጠቁ ሰዎች ለሌላው ቤት የሚሆን ቃል ሠሩ።

አጠገቤ የነበሩ አሮጊት የመዝሙር መጽሐፋቸውን ወደ እኔ አስጠግተው በጣታቸው መስመሩን ያሳዩኝ ነበር። ከአምልኮው በኋላ ቤታቸው ወሰዱኝና ቡና አፈሉ። ስለ ሃይማኖቴም ሆነ ስለ ወገኔ አልጠየቁኝም። በበረካው ላይ ብቻ «እናትህ ደኅና ናት ልጄ?» አሉኝ።

ማታ ለእናቴ ደወልሁና የዋልሁበትን ነገርኋት። ዝም አለች። የልጇ ልብ እንዳይሸፍት እንደ ፈራች ገባኝ።

«ቡና አጠጡህ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«እስከ በረካው» አልኋት።

«እንግዲያስ የሰው ቤት ነው» አለች።